ኮፈን ላይ የተቀመጠው ሰው

ሹፌር ወሬ ይወዳል ይባላል። እውነት ነው፤ መንገዱ ይረዝማል፣ አፍ ሥራ ይፈታል። ይህን ታሪክ ግን ለብዙ ዓመት ለማንም አላወራሁትም ነበር። ፈርቼ ስሜን መደበቄን፣ አገሬ ያልሆነውን አገሬ ነው ብዬ መዋሸቴን በአደባባይ መናገር ለአንድ የጎጃም ወንድ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አሁን ጸጉሬም ሸበተ፣ ሀፍረቱም ቀለለኝ። ጊዜ ካላችሁ አረፍ በሉና ልንገራችሁ።

ያኔ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ቢቸና ላይ አንዲት አሮጌ ነጭ ፒክአፕ የማሽከረክር ሰው ነበርሁ። አስፋልቱ ገና አልደረሰልንም። ሥራዬ ማገዶ ማመላለስ ነው። ከገበሬ ባሕር ዛፍ ገዝቼ፣ አስቆርጬና አስፈልጬ ለጠላ ቤት፣ ለዳቦ ቤት፣ ለደጋሽ አደርሳለሁ። ማገዶ የሚጭን ሹፌር ሚዛን አያውቅም፤ ሁላችንም የምንጭነው በዓይን ነበር። ክምሩ የጋቢናውን ጣሪያ በአንድ ክንድ ሲያልፍ "በቃ" እንላለን። ባለ እንጨቱ "ይችን ብቻ" ይላል። እኛም ይችን ብቻ እንጨምራለን። መኪናዬ ስትጫን ኋላዋ ቁጭ፣ አፍንጫዋ ቀና ስለሚል የሰፈሩ ሰው "ነፍሰ ጡሯ መጣች" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ወደ ደጀን እወርዳለሁ፤ ዓባይ ድልድይን ለመሻገር የሚያድሩ የጭነት ሹፌሮች የሚበሉባቸው ቤቶች ደንበኞቼ ነበሩ። አምበር ገበያም ያውቀኛል። ወደ ሞጣ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ጎማዬ ዞሮ አያውቅም።

ምክንያቱ ታላቅ ወንድሜ አንተነህ ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ፣ አንዲት ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ አንድ መንደር አለ። እዚህ ቀይ አፋፍ ብዬ ልጥራው፤ እውነተኛ ስሙን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። አንተነህ ከዚያ መንደር ሰው ጋር ጠላ ቤት ተቀምጦ፣ የማን በሬ ቀድሞ ይጠመዳል በሚል በማይረባ ክርክር ተጣላና በዱላ መታው። ሰውዬው ዋለ ይባላል። በሦስተኛው ቀን ሞተ። አንተነህ ዐሥራ አምስት ዓመት ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በእኛ አገር ፍርድ ቤት የገዳዩን ጉዳይ ይጨርሳል እንጂ የደሙን አይጨርስም። ሽማግሌ ገብቶ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ሁለቱ ቤተሰቦች ደመኛ ናቸው። አንድ ማዕድ አይቆርሱም፣ በአንድ ዋንጫ አይጠጡም፤ ወንድም ስለ ወንድሙ ሊገደል ይችላል። የዋለ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር። ችሎት በተሰየመ ቁጥር ፊት ለፊት ይቀመጥና ዓይኑን ከአንተነህ ላይ ሳይነቅል ይውላል። እኔ ከኋላ ወንበር ተደብቄ እሱን አየው ነበር። ያ ዓይን ስድስት ዓመት ሙሉ በሕልሜ እየመጣ አስቸገረኝ።

እናቴ ከዚያ ጣጣ በኋላ ታናሽ እህቴን የሺን ይዛ ሞጣ አክስቴ ዘንድ ገባች። ስትናፍቀኝ እሷው በአውቶቡስ ትመጣልኛለች። ልጇ ሆኜ እናቴን ደጇ ድረስ ሄጄ መጠየቅ አልቻልሁም።

ከዕለታት አንድ ቀን የሺ ልትዳር ነው የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሰርጉ በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ። አባታችን ነፍሱን ይማረውና፣ የሺ በተወለደች ዓመት ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ተክሎ "ይህ የልጄ የሰርግ ማገዶ ነው፤ ማንም ምሳር እንዳያሳርፍበት" ብሎ ነበር። በእንጨት የምተዳደረው እኔ እንኳ ስንት የቸገረኝ ቀን እያየሁ አልነካሁትም። እናቴ የላከችብኝ ቃል እንዲህ ይላል፦ "ያለ አባቷ ትዳራለች፤ ያለ አባቷ እንጨት ግን አትዳርም። አምጣልኝ።"

እንጨቱን በጥቅምት መቁረጥ ነበረብኝ። ባሕር ዛፍ ሦስት ወር ፀሐይ ካልመታው ጭሱ እንጂ እሳቱ አይገኝም፤ ክብደቱም የደረቁን እጥፍ ነው። ይህን ለሌላው የማስተምር ሰው ነኝ። ግን ምሳሩን ባነሳሁ ቁጥር ያ ዳገት ይታየኛል። ነገ እቆርጣለሁ እያልሁ ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። በመጨረሻ አንድ ሹፌር ጓደኛዬ "እኔ አደርስልሃለሁ" ብሎኝ በታኅሣሥ ማብቂያ አስቆረጥሁት። ጓደኛዬ ደግሞ የመጫኛው ቀን ሲደርስ የመኪናው ሞተር ተበላሸበት። የሰርጉ ጠላ ሊጠነሰስ፣ አረቄው ሊወጣ ነው፤ ከእኔ ሌላ ማን አለ?

አንድ ብልሃት አሰብሁ። በቢቸና ገበያ ቀን የቀይ አፋፍ ሰው ሁሉ ጠዋት ወደ ገበያ ይወርዳል። እኔ በዚያው ሰዓት ባዶ መንደር አቋርጬ አልፋለሁ። በብልሃቴ በጣም ኮራሁ። ፎጣ በጉንጬ ላይ ጠምጥሜ፣ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ፣ የአባቴን እንጨት አንድም ሳላስቀር ጭኜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። በዚህ መንገድ አንዴ ብቻ ነው የማልፈው ብዬ ከሁልጊዜውም አብልጬ ከመርሁት። ረጃጅሙ ግንድ ከኋላ መዝጊያው፣ ከስፖንዳው፣ አልፎ ወደ መሬት አዘንብሏል።

መንገዱ ጭር ብሏል። ከዚያ ወገን ወደ ገበያ የሚመጣ ሰው በብዛት ማግኘት ነበረብኝ፤ አህያ የሚነዳ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ። አንድም የለም። እኔ ጅሉ "ቀድመው ወርደው ይሆናል፤ ዛሬ እግዜር ከእኔ ጋር ነው" እያልሁ ደስ ብሎኝ እነዳለሁ። ወንዙ ጋ ደርሼ ለመሻገር ፍጥነት ስቀንስ ከላይ ከዳገቱ የከበሮ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እልልታ።

ደሜ ቀዘቀዘ። ቀኑን በጣቴ ቆጠርሁ። ጥር ሰባት። የጥር ሥላሴ! የቀይ አፋፍ ደብር ደግሞ ሥላሴ ነው። የደብራቸው ታቦት በሚነግሥበት ቀን ማን ገበያ ይወርዳል? ገበያውን ቆጥሬ በዓሉን ሳልቆጥር መምጣቴ ነው። አገሬውን ስድስት ዓመት ስሸሽ በዓሉንም ረሳሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ።

ልመለስ ብል መዞሪያ የለም። ያን ያህል ክብደት ጭኜ ወደ ኋላ መንዳትም አልደፈርሁም። አንደኛ ማርሽ አስገባሁና "ሥላሴ፣ ዛሬን ብቻ አሳልፉኝ" ብዬ ዳገቱን ጀመርሁ።

ግማሹን ያህል እንደወጣሁ መሪው ቀለለኝ። ወደ ቀኝ ባዞረው መኪናዋ አትሰማም፤ ወደ ግራም አትሰማም። ከኋላ ያለው ክብደት አፍንጫዋን ወደ ሰማይ እያነሣው ነው። የተንዘለዘለው ግንድ ድንጋይ ላይ ተደገፈ፣ የፊት ጎማዎቹም መሬት ለቀው ብድግ አሉ። ፊት ለፊቴ መንገድ የለም፤ ሰማይ ብቻ። በስተግራዬ ገደል መሆኑን አውቃለሁ። ፍሬን ይዤ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ ትንፋሼን ዋጥሁ። መኪናዋ ቀስ ብላ ፊቷን መሬት አሳረፈችና ቆመች። ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባሁ። 

ያለኝ ምርጫ አንድ ነው፤ ግማሹን እንጨት አራግፎ መውጣት። ገመዱን መፍታት ስጀምር ከላይ "ተው! ተው!" የሚል ድምፅ መጣ። ቀና ስል ከቤተ ክርስቲያኑ የወጣ ሰው ነጠላውን እንደለበሰ ዳገቱን ይወርዳል። ዱላ የያዘ አለ፣ ጠመንጃ ያነገተ አለ። ከሁሉ ፊት አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ይመጣሉ።

"አንተ ሰው! በሥላሴ ዕለት፣ በሥላሴ ደጅ እንጨት ልታወርድ ነው?" አሉኝ።

"መሪጌታ፣ መኪናዋ አልወጣ ብላኝ ነው" አልሁ።

"ጭነህ መምጣትህ ሳያንስ! ዛሬ በዚህ አገር አንዲት ጭራሮ ከመሬት አይነሣም። ግዝት ነው። አንተም አታወርድም፣ የሚያግዝህም የለም። እደርና ነገ ታወርዳለህ። ቤት ለእንግዳ ነው።"

እደር! ቀይ አፋፍ ልደር! መልስ ሳልሰጥ ከሰዉ መሃል አንድ ሰው ብቅ አለ። ጭንቅላቱ ከሌሎቹ ጭንቅላት በላይ ይታያል። ጠመንጃውን በትከሻው አንግቷል። አያ ሞላ ነበር።

"ከወዴት ነህ?" አለኝ።

"ከአምበር" አልሁ። 

"ስምህስ?"

"ደሳለኝ።"

ዓይኑ ያው የችሎቱ ዓይን ነው። ትንሽ አየኝና "እሽ፣ ደሳለኝ" አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ። ዞሯት፣ ከፊት ጎማዋ አጠገብ ጎንበስ አለ።

አንዲት እናት በሰፌድ የሥላሴን ዝክር ዳቦ ይዘው መጡ። "መንገደኛ ነህ ልጄ፣ ብላ" ብለው ወፍራም ቁራሽ ሰጡኝ። ጠላም ተቀዳ። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስሁም፤ ሆዴ ጮኸ። የዳቦው ሽታ እስከ ዛሬ ይሸተኛል። ግን አያ ሞላ እዚያ ቆሟል። እሱ ባለበት ማዕድ መቅመስ ለእኔ ክልክል ነው፤ እነሱ ባያውቁም እኔ አውቃለሁ። ስሜን መዋሸት አንድ ነገር ነው፣ ደም ሳይደርቅ ማዕድ መቁረስ ግን ሌላ ነው፤ እናቴ ብትሰማ በዓይኗ አታየኝም። ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ሳምሁትና ጋቢና ውስጥ ከመሪው ፊት ለፊት አስቀመጥሁት።

"አትበላም?" አለ አያ ሞላ ከጎማው ሥር ቀና ብሎ።

"እመንገድ ላይ እበላዋለሁ።"

"ጠላውስ?"

"እየነዳሁ ነው፣ ጋሼ።"

አያ ሞላ አቧራውን ከእጁ አራገፈና ወደ መሪጌታው ዞረ። "መሪጌታ፣ ይቺ እንደ አህያ ነች። የአህያ ጭነት ዳገት ላይ ወደ ቂጧ ሲንሸራተት ፊቷ ይቀልና ትንፈራገጣለች። ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን?"

"አንገቷን እንጫነዋለን" አለ አንዱ።

"እሱ ነው። እንጨቱን ማውረድ አያስፈልግም። ፊቷ ላይ ሰው ቢቀመጥ ጎማዋ መሬት ይይዛል። መሪጌታ፣ መቀመጥ ሥራ ነው?"

መሪጌታው ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡ። "መቀመጥማ ሥራ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ሥላሴ ራሳቸው በአብርሃም ድንኳን ተቀምጠዋል። መኪናው ይሂድ፤ መኪና በዓል አያውቅም። ሰው ግን እንጨት በእጁ እንዳይነካ።"

"እርስዎ ዘንድ ያልተፈቀደ ምን አለ!" አለ አንዱ፣ ሰዉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

"ማን ይቀመጥ?" ተባለ።

"ከእኔ የከበደ አለ?" አለ አያ ሞላ። ይህን ብሎ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። በዚያች ቅጽበት አለቀልኝ አልሁ። እግሬ መሸሽ ፈለገ፤ ግን ወዴት? ጠመንጃውን ለመሪጌታው አቀበለና ከሞተሩ ክዳን፣ ከኮፈኑ ላይ፣ በቂጡ ቁጭ አለ። መኪናዋ "እህ" ብላ ዝቅ አለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በሌላው ጎን ወጣ፤ እኔም ጋቢና ገብቼ መሪውን ያዝሁ። ጎልማሳው ፊቱን ወደ መንገዱ አደረገ። አያ ሞላ ግን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ተቀመጠ። ሁለታችንን የሚለየን የፊት መስታወቱ ብቻ ነው።

እንዲህ ሆነን ዳገቱን ጀመርን። እሱ ያየኛል፣ እኔ አየዋለሁ። መንገዱን የማየው ከትከሻው በላይ ነው። ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ክፉ ሐሳብ በጭንቅላቴ አለፈ። አንድ ጊዜ ፍሬን ብረግጥ ይህ ሰው ከጎማዬ ሥር ነው። ሰዉም "አደጋ ነው" ይላል። ደመኛዬ አይኖርም፣ ሕልሜም አይኖርም። ይህን ማሰቤን ሳውቅ ከእሱ ይልቅ ራሴን ፈራሁት። ሰውዬው ደግሞ ይህን ሳያውቅ የቀረ አልመሰለኝም። ዓይኑን አላርገበገበም።

ከአፋፉ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የቀኙ ጎማ ድንጋይ ዘለለ። አያ ሞላ ወደ ገደሉ ጎን ተንሸራተተ። እጁ ሲፈልግ ሲፈልግ የዝናብ መጥረጊያዋን አገኘና ጨመደዳት። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ብቆም ወደ ኋላ እንንሸራተታለን፤ ብነዳ ይወድቅብኛል። እሱ በሌላው እጁ ኮፈኑን ደበደበና "አትቁም! ንዳ አንተ! ንዳ!" ብሎ ጮኸ።

ነዳሁ። መሪውን ወደ ዳገቱ ጎን ጠምዝዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። መኪናዋ እያቃሰተች ወጣች፣ ሜዳው ተዘረጋ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። እንባዬ ፎጣዬን አርሶታል። ለራሴ ነው ያለቀስሁት ወይስ ለሰውዬው፣ እስካሁን አላውቅም።

ጎልማሳው ወርዶ "በል ሰላም ግባ" ብሎኝ ወደ ማኅበሩ ተመለሰ። አያ ሞላ ልብሱን አስተካክሎ ወደ መስኮቴ መጣና ክንዱን በሩ ላይ አሳረፈ።

"መጥረጊያህን አጎበጥሁብህ፣ ይበልጣል" አለኝ።

ይበልጣል። የእኔ ስም ነው። በድንጋጤ እጄ ከመሪው ላይ ወደቀ።

"አምበር እንዲህ ያለ ፊት አይበቅልም" አለ። "ወንድምህን ስንት ቀን ፊት ለፊት ተቀምጬ አይቸዋለሁ። ፎጣ የሚሸፍነው ፊት መሰለህ? ከመኪናህ ስትወርድ ነው ያወቅሁህ።"

"ታዲያ ለምን..."

"ለምን ዝም አልሁ? ጠመንጃውማ በእጄ ነበር። መጀመሪያ ውሸትህ አናደደኝ። በሥላሴ ደጅ፣ በቀን ብርሃን! ዳቦውን ሲሰጡህ ግን ዓይኔን አልነቀልሁብህም። ራብህ ከፊትህ ላይ ይነበባል። ስመህ አስቀመጥኸው። ይህ ሰው በአፉ ቢዋሽም በማዕድ አልዋሸም አልሁ። ጎርሰህልኝ ቢሆን ኖሮ ከዚህ መኪና ላይ አልወጣም ነበር። ምን አደርግ እንደነበር ሥላሴ ያውቃሉ።"

"እርስዎም አልቀመሱም" አልሁት፤ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጠላው በእሱ በኩል ሲዞር በእጁ መልሶት ነበር።

"አዎ፣ አልቀመስሁም።" መሬት መሬት አየ። "ይበልጣል፣ ስድስት ዓመት ደጄን እያየሁ ተቀመጥሁ። ዛሬ ሽማግሌ ይልካሉ፣ ነገ ይልካሉ እያልሁ። ሽማግሌ የሚልክ የበደለ ወገን ነው። እኔ 'ታረቁኝ' ብዬ ልለምን? የወንድሜን መቃብር እንደ መርገጥ ነው። እናንተ ዝም ስትሉ ደሙን ረስተውታል፣ ንቀውናል አልን። ትልቁ ልጄ ጠመንጃ ማንገት ጀምሯል። 'የአጎቴስ ደም?' ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?"

"እኛ እኮ ፈርተን ነው፣ አያ ሞላ። ሽማግሌ ብንልክ ትመልሱታላችሁ ብለን። እኔ ይህን መንገድ ስድስት ዓመት አልረገጥሁትም። እናቴን እንኳ..." 

"ፍርሃታችሁ ለእኛ ንቀት ሆኖ ደረሰን" አለ ቀስ ብሎ። "እኔስ? ቢቸና በወረድሁ ቁጥር የናንተን ሰፈር ዞሬ ነው የማልፍ። የገደለው ሌላ፣ የምንዟዟረው እኔና አንተ። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ማለት ይኸው ነው።"

ከዚያ ጭነቴን ቀና ብሎ አየና ፊቱ ፈታ አለ። "እርጥብስ ካልሁ፣ ይህ ለምንድን ነው?"

"ለእህቴ ሰርግ።"

"ለሰርግ እርጥብ እንጨት? ማገዶ የሚነግድ ሰው!" ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ከእንባው ጋር ተደባለቀብኝ። "ሂድ በል። እናትህ ይጠብቁሃል። ከፋሲካ በኋላ ደጄን አይቼ እንዳላፍር። ዳቦውንም አትጣለው፤ የሥላሴ ነው።"

ሞጣ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። እናቴ መኪናዋን ደጅ ላይ ስታይ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። "በየት በኩል መጣህ?" አለችኝ፤ ሌላ መንገድ ያለ ይመስል። ሁሉንም ነገርኋት። ዳቦውን ተቀበለችኝና በጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። "እኔም እኮ ሽማግሌ ልላክ እልና ልጄን ያስገድልብኛል ብዬ እተወዋለሁ" አለች። ከዚያ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

የአባቴ እንጨት ለሰርጉ ደረሰ፤ መንደዱን ብቻ አትጠይቁኝ። ሲነድ ጭሱ ሰፈሩን አለበሰው። ወጥ ሠሪዎቹ ዓይናቸውን እያሹ ረገሙኝ፤ ሙሽራዋ ደግሞ "ወንድሜ፣ ሙሽራ እንኳ ያላለቀሰውን ያህል ሰው አስለቀስህ" ብላ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። እኔ ግን በአባቷ ቦታ ቆሜ ዳርኋት።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክን። መሪጌታው ከእነሱ ወገን ነበሩ። እርቁ በአንድ ቀን አላለቀም፤ ክርክር ነበረ፣ ለቅሶም ነበረ፣ የዋለ እናት ሁለት ጊዜ ተነሥተው ወጥተዋል። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ተቀመጡ። ማዕድ ሲቀርብ እናቴ ከጉያዋ ያችን ነጭ ጨርቅ አወጣች። ዳቦው ድንጋይ ሆኗል። የዋለ እናት በእጃቸው ጠላ ውስጥ ነክረው አለሰለሱትና ለአያ ሞላና ለእኔ አንድ ላይ አጎረሱን።

አንባቢዎቼ፣ የተማርሁትን በትልቅ ቃል አላሳምረውም፤ የማገዶ ሹፌር ነኝ። ስድስት ዓመት የፈራሁት ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ እኔን ይጠብቀኝ ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እናደዳለሁ፣ ያውም በራሴ። ያች እንጨት በጥቅምት ተቆርጣ ደርቃ ቢሆን ኖሮ ቀላል ጭነት ይዤ፣ ፎጣዬን ጠምጥሜ፣ ዳገቱን እንደ ሌባ አልፌ እሄድ ነበር። የአያ ሞላ ልጅም ያንን ጠመንጃ ይዞ ያድግ ነበር። እናንተም የምትዞሩት ሰፈር፣ የምትሸሹት ደጅ ካለ፣ ከዚያ በር ጀርባ ያለው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አንድ ጊዜ አስቡ። ሁሉም እንደ አያ ሞላ ነው አልላችሁም። እንደ እሱም ያለ አለ ነው የምላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከእርቁ ከአራት ዓመት በኋላ አንተነህ በአመክሮ ተፈታ። በዚያችው ነጭ ፒክአፕ፣ መጥረጊያዋ እንደጎበጠ፣ ወደ እናታችን ወደ ሞጣ ይዤው ሄድሁ። ወንዙን ተሻገርን። ዳገቱን ስንወጣ ላቡ በግንባሩ ወረደ። አፋፉ ላይ አያ ሞላ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሞጣ ጉዳይ ስላለኝ ስታልፍ ያዘኝ ብሎ ልኮብኝ ነበር። ለአንተነህ አልነገርሁትም። ስቆም አንተነህ ሰውዬውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ ከኋላ ከጭነቱ ቦታ ልቀመጥ" ብሎ በሩን ለመክፈት እጁን ሰደደ።

አያ ሞላ ቀድሞ በሩን ከፈተው። ብዙ አየው፤ በዚያ በችሎቱ ዓይን። ከዚያ አንድ እግሩን ጋቢናው ላይ አሳርፎ፣

"ጠጋ በል" አለው።

አንተነህ ወደ እኔ ተጠጋ። በሩ ተዘጋ። እኔም ማርሽ አስገባሁ።